የረገጠውን የማይለይ ቦምብ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመንገድ ላይ ቦምብ መቅበር የደካማ መሣሪያ ነው፤ አውሮፕላን የሌለው ተዋጊ ምን ያድርግ? የሚሉ አሉ። ነገሩን በአፍጋኒስታን እንመልከተው። ሐምሌ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. በካንዳሃርና በሄራት መካከል ባለው አውራ ጎዳና አንድ የመንገደኞች አውቶቡስ በተቀበረ ቦምብ ላይ ወጥቶ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ይገኙባቸዋል።

ይህ ዓይነቱ ቦምብ ክብደት ሲያርፍበት ይፈነዳል እንጂ የረገጠው ወታደር ይሁን እረኛ አይለይም። ጉዳቱም በሞቱት ሰዎች አያበቃም። መንገድ ከተፈራ ገበሬው እህሉን ገበያ አያወጣም፤ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አትደርስም፤ ልጅም ከትምህርት ቤት ይቀራል።

በ1990 ዓ.ም. በኦታዋ የተፈረመው ውል ሰው ሲረግጠው የሚፈነዳን ፈንጂ፣ በእጅ የተሠራም ቢሆን፣ ይከለክላል። የታሊባን መሪ ሙላህ ዑመርም በ1991 ዓ.ም. ፈንጂን አውግዘው ነበር፤ ተዋጊዎቻቸው ግን በኋላ በየመንገዱ ቀበሩት።

እንግዲህ ደካማው ማነው? ቦምቡን ቀብሮ የሄደው ነው ወይስ በዚያው መንገድ በእግሩ የሚመጣው? ለደካማ እንቆማለን ካልን፣ ዓላማውን ከመደገፋችን በፊት መሣሪያውን እንመርምር።