አዲስ ኩላሊትና ወረርሽኝ፦ በምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የምናገርበትን ርዕስ የመረጥኩት አስቀድሜ ቢሆንም መግቢያውን የሰጣችሁኝ ግን እናንተው ናችሁ። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተቃቅፈን ስንሳሳም፣ አንድ ጓደኛችን ማስክ አድርጎ፣ ራቅ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለን። «ምነው ኮራብን?» ያላችሁ አላችሁ። አልኮራም። የምናገረው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ጓደኛችን እህቱ በሰጠችው ኩላሊት የሚኖር ሰው ነው።

በሀገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል ማለት ነው። ያ ኩላሊት ሲበላሽ የሚጎዳው ተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ የሰጪውም ልብ ይሰበራል።

ታዲያ ቫይረስ ለእነዚህ ሰዎች ለምን ይከፋል? የሰውነታችን መከላከያ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ቫይረስም ይምጣ የእህት ኩላሊት፣ ለእሱ ያው ባዕድ ነው፤ ያጠቃዋል። ለዚህ ነው ተቀባዩ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን በየቀኑ የሚወስደው። ዘበኛውን ያደነዝዙታል፤ የደነዘዘ ዘበኛ ግን ሌባውንም ያሳልፋል።

ኮሮና ይህንን በግልጽ አሳይቶናል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ በወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ በቫይረሱ ከተያዙ 36 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታካሚዎች 10ሩ ሞተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጊዜውም ወረርሽኙ ገና የጀመረበት ነው፤ ቢሆንም ያስደነግጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የልዩ ልዩ አካላት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን 658 ሰዎች መረመሩ። ሁለት ጊዜ ከተከተቡም በኋላ 46 በመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አልተገኘም። መከተብ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም! ለእነሱ ተጨማሪ ክትባት ያስፈልጋል፤ አብረዋቸው የምንኖረውም መከተብ አለብን ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ልመለስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው ሀገራችን ገባ ሲባል፣ «ይሄ መድኃኒት አቅሜን ጨርሶ ሊያስገድለኝ ነው» ብሎ፣ ለሐኪሙ ሳይነግር መድኃኒቱን በግማሽ ቀነሰ። ኮሮና አልያዘውም። ክሪያቲኒኑ ግን ወጣ፤ ሰውነቱ ኩላሊቱን መግፋት ጀምሮ ነበር። በሕክምና ተረፈለት፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ያደረገውን ለእህቱ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። ንቅለ ተከላ የተደረገላችሁ፣ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ አትቀንሱ። ትኩሳት ወይም ሳል ሲጀምራችሁ ቶሎ ሐኪማችሁ ጋ ደውሉ፤ የሚቀነስ ካለ የሚቀንሰው እሱ ነው። የሰው መድኃኒት አትዋሱ። ለኮሮና የሚሰጠው ፓክስሎቪድ ውስጥ ያለው ሪቶናቪር፣ ታክሮሊመስ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲከማች ያደርጋል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊት ይጎዳሉ። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች ከንቅለ ተከላ በኋላ ስለማይሰጡ፣ ተራ የምትጠብቁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እኛ ጤነኞቹስ? በባህላችን የታመመ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ይቀጥል። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን በስልክ ይጠይቅ። ከታካሚው ጋር ስንቀመጥ መስኮት እንክፈት፣ እጃችንን እንታጠብ። ማስክ ያደረገ ሰው ስናይም «ኮሮና አልቋል እኮ!» ብለን አንሳቅበት። ለእሱ አላለቀም፤ ነገ ሌላ ቫይረስ ቢመጣም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ማታ እራት ላይ ጓደኛችን በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ብቻውን አንተወው።