ጉልበት ከመጨመር አንቴና ማሳመር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሬዲዮና ስለ አንቴና ነው። ሬዲዮ በብዙዎቻችን ቤት አለ። አንቴናውን ግን እንደ ዋዛ ነው የምናየው። ሲሰበር ዝም ብለን እንተወዋለን። ድምፁ ሲደክም ደግሞ «ድንጋዩ አልቆ ይሆናል» ብለን ገበያ ወርደን አዲስ ባትሪ ድንጋይ እንገዛለን። ገንዘባችን ይወጣል፤ ድምፁ ግን ያው እንደ ደከመ ይቀራል። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? እስቲ አብረን እንየው።

አንድ እረኛ እናስብ። ገደል ውስጥ ሆኖ ጉሮሮው እስኪዘጋ ቢጮህ ማዶ ያለው ጓደኛው አይሰማውም። ያው እረኛ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ እጆቹን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ቢጣራ ግን ይሰማለታል። ጉልበት አልጨመረም። የቆመበትን ቦታና የድምፁን አላላክ ነው ያሳመረው። ማዶ ያለውም እጁን ከጆሮው ኋላ ቢያደርግ ይበልጥ ይሰማል። አንቴናም ለሬዲዮ ይኸው ነው፤ ሲናገር አፉ፣ ሲሰማ ጆሮው ነው።

ቀደም ባለው ዘመን የሬዲዮ መገናኛ «ነፋስ ስልክ» ይባል ነበር። በአዲስ አበባ ነፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ስሙ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ የሬዲዮን ሞገድ ነፋስ አይወስደውም። ሞገዱ እንደ ብርሃን በራሱ ይጓዛል።

አሁን ወደ የካና ወደ እንጦጦ እንውጣ። እነዚህ ባሕር ዛፍ የለበሱ ተራሮች ከአዲስ አበባ በላይ የቆሙ ናቸው። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። አንድ ሰው በ5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ከታች በየካ ሕንጻዎች መካከል ሆኖ ቢናገር፣ ሕንጻውና ኮረብታው ሞገዱን ይጋርዱበታል። ያንኑ ሬዲዮ ይዞ ተራራው ላይ ቢወጣስ? በጠራ ቀን ከእንጦጦ ላይ የዝቋላ ተራራ ይታያል። የእጅ ሬዲዮ ሞገድም እንደ ዓይን ነው፤ የሚጋርደው ከሌለ ሩቅ ይደርሳል። 5 ዋት ማለት ደግሞ ከአንዲት ትንሽ አምፖል የማይበልጥ ኃይል ነው።

በዓለም ላይ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለትውውቅ ሲሉ በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ። ሥራቸው አማተር ሬዲዮ ይባላል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኢቲ 3 ኤኤ የሚል መጠሪያ ያለው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ተቋቁሞ ተማሪዎች ተምረውበታል። ከአማተሮቹ አንዳንዶቹ ከ5 ዋት በማይበልጥ ኃይል መነጋገርን ይመርጣሉ። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ እየነጠረ ሲመለስላቸው ባሕር ተሻግረው ይገናኛሉ። አንቴናቸውም ብዙ ጊዜ ተራ የመዳብ ሽቦ ነው። የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ከሆነ፣ የሞገዱን ግማሽ፣ ማለትም 20 ሜትር ያህል ሽቦ ከመካከሉ ከፍለው ግራና ቀኝ ይዘረጉታል።

ሒሳቡንም እንመልከት። ከሩቅ የሚሰማው ሞገድ ብርታቱ እጥፍ እንዲሆን የሬዲዮው ኃይል አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከ5 ዋት ወደ 20 ዋት መውጣት ማለት ነው። ይህ ብዙ ባትሪ ይበላል። ደግሞም ኃይል መጨመር ለመናገር እንጂ ለመስማት አይረዳም። ጥሩ አንቴና ግን ለሁለቱም ይረዳል፤ ባትሪም አይበላም።

ሌላም ምሳሌ እንጦጦ ላይ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ወደ ጠፈር ላከች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል፣ ኃይሏም ከፀሐይ ብርሃን ነበር። የእርሻውንና የደኑን ሁኔታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና እንድታነሣ ነው የተላከችው። ከላይ ትልከው የነበረው ሞገድ እጅግ ደካማ ነበር። እሱን የሚሰበስብ ትልቅ የዲሽ አንቴና እንጦጦ ላይ ባይተከል ኖሮ፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» በሆነ ነበር። አንቴናው ነው ላሟን ያለበን።

ታዲያ እኛ በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ በመካከለኛ ሞገድ ስንሰማ የሚሠራው አንቴና ከሬዲዮው ውስጥ ያለው ነው። ዘንጉን መሳብ አይጠቅምም። ሬዲዮውን ራሱን ቀስ እያልን እናዙረው፤ ድምፁ በሚጠራበት በኩል እናቁመው። የቆርቆሮ ቤት ሞገድ ይከለክላል፤ ሬዲዮውን ወደ መስኮት እናስጠጋው።

ሁለተኛ፤ በአጭር ሞገድ ስንሰማ 10 ሜትር ያህል ሽቦ እንዘርጋ። አንዱን ጫፍ በደረቅ የፕላስቲክ ገመድ ከዛፍ ጋር እንሰር። የሌላውን ጫፍ ልባስ ልጠን በሬዲዮው ዘንግ ላይ እንጠምጥመው። ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ከተደባለቁ ሽቦውን እናሳጥረው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሽቦውን በመብራት መስመር አጠገብ ፈጽሞ አንዘርጋ። ደመና ሲከብድ፣ ነጎድጓድ ሳይጀምር በፊት፣ ሽቦውን ከሬዲዮው ፈትተን ወደ ውጭ እናውጣው። ነጎድጓዱ ከጀመረ ግን አንንካው። በዚያን ጊዜ ከፍታ ላይም አንቁም። ጥሩ ድምፅ ለማግኘት ብለን ሕይወታችንን አንጣ።

ለመስማት ሽቦ መዘርጋት ይበቃል፤ በሬዲዮ ለመናገር ግን አስቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወገኖቻችን፤ ሬዲዮ ሲደክምብን ወደ ገበያ ከመሮጣችን በፊት ወደ አንቴናው እንመልከት። የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ጆሮ ሊሆን ይችላልና። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።