መስክ ላይ ለሚሮጥ ሰው ስለ መዥገር



የእንስሳት ሕክምና መምህር ስለ ሩጫ እንዲናገር መጋበዙ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እናንተ ማለዳ የምትሮጡበት መስክ ከሰዓት በኋላ ከብት ይሰማራበታል። ጅማም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሯጩና ላሟ የሚረግጡት ሣር አንድ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት በብዛት የሚሳለው የአውሮፓና የአሜሪካ መዥገር ነው። ያ መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል። በአገራችን ከብቶች ላይ በስፋት የሚገኘው አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ግን አዳኝ ነው። መሬት ላይ፣ በደረቅ ሣር ሥር ተሸሽጎ ይቆይና ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲደርሰው ወደ ምንጩ ይገሰግሳል። ስለዚህ ከሩጫ በኋላ እያለከለከ ሣር ላይ የሚዘረጋ ሰው ያለበትን ቦታ ራሱ ይጠቁማል። በእኔ አስተያየት ከሩጫው ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ዕረፍት ነው። ሰውነታችሁን ጥርጊያ መንገድ ላይ አፍታቱ፤ በተለይ ጎልማሳው መዥገር በሚበዛበት የዝናብ ወቅት።

ይህ መዥገር ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለውን ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ባክቴሪያው ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ1998 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በተካሄደ የጀብዱ ውድድር የተካፈሉ ስፖርተኞች በዚሁ በሽታ መያዛቸው በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የማጅራት ሕመም ያስከትላል፤ በተነከሰው ቦታ ላይም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ቁስሉ ከአንድ በላይ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሲሆን በዶክሲሳይክሊን ይታከማል። (ግርሻን ከዚህ ጋር የሚያደባልቁ ተማሪዎች አሉ፤ በአገራችን የታወቀው ግርሻ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው።)

ችግሩ የሚጀምረው ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነው። ትኩሳት የያዘው ወጣት «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መመለሱ ለሁላችሁም የታወቀ ነው። ለታይፈስ የሚደረገው የዌይል-ፊሊክስ ምርመራ አስተማማኝ አይደለም። ከዚያ ወረቀት የበለጠ የሚናገረው ቁስሉ ነው፤ እርሱ ግን ካልሲ ወይም የውስጥ ልብስ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ሳትጠየቁ አሳዩት፤ የት እንደሮጣችሁም ተናገሩ።

የሱሪን ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተት መልክ ያበላሻል ትሉ ይሆናል። ያበላሻል፤ ግን ይጠቅማል። ነጣ ያለ ልብስ መዥገሩን ያጋልጠዋል። 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን የሚነከረው ልብስ እንጂ ቆዳ አይደለም፤ ለቆዳ ዲት አለ። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ለዚህ የሚያውል ሰው ግን ራሱን ይመርዛል፤ ይህን አጥብቄ እከለክላለሁ።

ቤት ስትደርሱ ታጠቡ፤ ብብትን፣ ብሽሽትን፣ ወገብንና የጉልበትን ጀርባ ፈትሹ። ወደ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ለትምህርት የምትሄዱ ደግሞ ይበልጥ አስተውሉ። የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው የዚያ አገር ለጋ መዥገር የሰሊጥ ፍሬ እንኳ አያህልም።

የተጣበቀውን ለማንሳት ወረንጦ ይበቃል። ከቆዳው ሥር፣ ከአፉ አጠገብ ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ጋዝ መቀባትም ሆነ ክብሪት ማስጠጋት መዥገሩን ያስጨንቀዋል፤ የተጨነቀ መዥገር ምራቁን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። በጥፍር አትጨፍልቁት። ቀኑን ጻፉ፤ ትኩሳት ቢመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።