ስለ ደመወዝ መዝገብ
(ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁሉ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ደመወዙ ዛሬ በባንክ በኩል ቢገባለትም፣ ዝርዝሩ ከሒሳብ ክፍል አልጠፋም። ዋናው ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ የሥራ ግብር ስንት እንደተቀነሰ፣ ለጡረታ ስንት እንደሄደና ተጣርቶ በእጅ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ከስሙ ትይዩ ያለው አንድ መስመር ይነግረዋል። ሰውየው ይህን ወረቀት ለአያሌ ዓመታት ስለለመደው እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገር ግን ይኸው ሰው ወንድሙ ወዳቋቋመው የእንጨት ሥራ ቤት፣ ወይም ባለቤቱ ወደምታስተዳድረው ዳቦ ቤት ጎራ ቢል ያን ወረቀት በዚያ አያገኘውም። በወረቀቱ ፈንታ የሚያገኘው አንድ መሳቢያ ነው። ከደንበኛ የተቀበሉት ሁሉ ወደ መሳቢያው ይገባል፤ የቤት ኪራዩም፣ የዱቄቱም ሆነ የጣውላው ዋጋ፣ የሠራተኛውም ደመወዝ ከዚያው ይወጣል። እኔም ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር ያሰብሁት ስለዚሁ መሳቢያ ነው።

በመሳቢያው ውስጥ ካለው ገንዘብ ሁሉም የባለቤቱ አይደለም። ይህን በቃል ከመናገር በቁጥር ማሳየት ይሻላልና፣ እርሳስ በአጠገባችሁ ያላችሁ አድማጮች ብትይዙ መልካም ነው።

አንድ አናጢ በወር 8,320 ብር ዋና ደመወዝ ተቀጥሯል እንበል። የገቢ ግብር ሕግ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ የሚከፈል ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ከመቶ 15፣ ከመቶ 20፣ ከመቶ 25፣ ከመቶ 30 እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በሚያልፈው ላይ ከመቶ 35 ይደርሳል። የአናጢያችን ደመወዝ የሚያርፈው ከ7,000 እስከ 10,000 ብር ባለው ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ደመወዙን በከመቶ 25 እናሰላለን፤ የታችኞቹ ደረጃዎች ግብር አነስተኛ በመሆኑም 850 ብር እንቀንስለታለን። የሚቀረው 1,230 ብር የሥራ ግብሩ ነው። ለጡረታ ደግሞ ከዋናው ደመወዝ ከመቶ 7፣ ይኸውም 582 ብር ከ40 ሳንቲም ይቀነስበታል። በእጁ የሚደርሰው 6,507 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። አሠሪው ከራሱ ኪስ ከደመወዙ ከመቶ 11፣ ማለት 915 ብር ከ20 ሳንቲም ለጡረታ ይጨምራል። ይህ ከሠራተኛው አይቀነስም። እንግዲህ 8,320 ብር የተባለው አናጢ ለድርጅቱ የሚያስወጣው 9,235 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። ግብሩና ሁለቱ የጡረታ መዋጮዎች ቢደመሩ ደግሞ 2,727 ብር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ድርጅቱ እንዲህ ያሉ አምስት አናጢዎች ቢኖሩት፣ ለግብርና ለጡረታ ገቢ መሆን የሚገባው ገንዘብ በየወሩ 13,638 ብር ነው። ሦስት ወር ሳይከፈል ቢቀመጥ ከ40,000 ብር ያልፋል።

አሁን የባለቤቱን ልብ እንመልከት። ጣውላ ተወደደ ይባላል፤ ነጋዴውም «ዛሬ ካልገዛህ ነገ ይጨምራል» ይለዋል። መሳቢያውን ሲከፍት 40,000 ብር ያያል። ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን ተቀብለው ሄደዋል፤ የሚጨቀጭቀው የለም። ስለዚህ ጣውላውን ይገዛል። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ደግሞም ሰርቄያለሁ ብሎ አያስብም። ሆኖም የገዛበት ገንዘብ ከፊሉ የመንግሥት ግብር፣ ከፊሉም የአምስቱ ሰዎች የእርጅና ቀለብ ነበር። ግብሩን ቀንሶ ያላስገባ አሠሪ፣ እንዲሁም ከነጭራሹ መቀነስ የተወ አሠሪ፣ ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል፤ ቅጣቱና ወለዱም ይከተላል። ጣውላው ግን እስኪሸጥ ድረስ ጣውላ ነው።

በእኔ አስተያየት ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደመወዝ በሚከፈልበት በዚያው ቀን፣ ግብሩንና ጡረታውን ከመሳቢያው አውጥቶ ለዚሁ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ማስገባት ነው። ሕጉ የወሰነው የመክፈያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡ ከዓይን ርቆ ይቀመጣል።

የጡረታውን ነገር ጥቂት ላብራራው እወዳለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ ከቆመ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አዋጅ ቁጥር 715 እስከ ወጣበት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ያም አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። ዕድሜው 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በየወሩ አበል ያገኛል፤ ቢሞትም ሚስቱና ልጆቹ የሚያገኙት አበል አለ። ይህ ሁሉ የሚቆመው በመዝገብ ላይ ነው። አሠሪው በየወሩ ከመቶ 7 እየቀነሰ ገንዘቡን ሳያስገባ ከቀረ፣ ሠራተኛው በየወሩ የከፈለ መስሎት ይኖራል። እውነቱን የሚያውቀው ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ወይም እርሱ ሳያውቀው፣ ሚስቱ የሐዘን ልብሷን ለብሳ በመስኮቱ ፊት በቆመች ቀን ይታወቃል። ስለዚህ ሠራተኛው የጡረታ መለያ ቁጥሩን መያዙንና መዋጮው በስሙ መግባቱን ቢጠይቅ፣ ባለቤቱ ሊቆጣ አይገባም።

ሌላው ብዙ ጠብ የሚያስነሣው ነገር «በእጅህ» የሚባለው ውል ነው። ባለቤቱ «በእጅህ 7,000 ብር እሰጥሃለሁ» ይላል፤ ሠራተኛውም ይስማማል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ፤ ዋናው ደመወዝ ስንት እንደሆነ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ሒሳቡ ወደ ኋላ ሲሠራ፣ 7,000 ብር በእጅ እንዲደርስ ዋናው ደመወዝ 9,044 ብር ከ12 ሳንቲም መሆን አለበት። የአሠሪው የጡረታ ድርሻ ሲጨመርበት የድርጅቱ ወጪ ከ10,000 ብር ያልፋል። 7,000 ብር ብሎ ቃል የገባው ሰው 10,000 ብር የሚያገኝበትን ሥራ መፈለግ ሊኖርበት ነው። ይህን ያልገመተ ባለቤት ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ ቃሉን ያጥፋል፣ ወይ ለግብር ሰብሳቢው ያነሰ ደመወዝ ያስመዘግባል። ሁለተኛው መንገድ የሠራተኛውንም ጡረታ አብሮ ያሳንሰዋል። ስለዚህ በውሉ ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት ያልተቀነሰው ዋና ደመወዝ ነው፤ በእጅ የሚደርሰው ከዚያ ይሰላል።

መዝገቡስ ምን ዓይነት ነው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። በመዝገቡም ላይ ያልተቀነሰው ደመወዝና የተሰላበት መንገድ፣ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ካለ እርሱ፣ የተቀነሰው ገንዘብ ልክና ምክንያቱ፣ የተጣራው ክፍያ፣ በመጨረሻም የሠራተኛው ፊርማ ይሰፍራል። አምስት ሠራተኛ ላለው ቤት መስመር የተሰመረበት ተራ ደብተር ይበቃዋል። በባንክ የሚከፍልም ቢሆን የባንኩን ማዘዣ ከዝርዝሩ ጋር አያይዞ ያስቀምጥ። ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። ደግሞም ሠራተኛው ሳይቃወም ተቀበለ ማለት መብቱን ተወ ማለት አለመሆኑን ሕጉ ተናግሯል። ይሁን እንጂ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና፣ ሠራተኛውም ቢሆን አይዘግይ።

የትርፍ ሰዓቱ ሒሳብ ራስ የሚያዞር ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ይህም በወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይሆናል። የአናጢያችን 8,320 ብር ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋው 40 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ቢሠራ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 60 ብር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ 70 ብር፣ በሳምንት የዕረፍት ቀኑ 80 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን 100 ብር ይከፈለዋል። በቀን ከ4፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ማሠራት አይፈቀድም። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ዳቦ ቤቶች ይህን ቢያስታውሱ እወዳለሁ፤ «ምሳ አብልቻለሁ» የሚለው መልስ በሕግ ፊት አይቆምም።

ስለ መቀነስም አንድ ነገር አለ። ብርጭቆ ተሰበረ፣ መጋዝ ጠፋ፣ ሒሳብ ጎደለ ተብሎ ከደመወዝ ላይ በባለቤቱ ቁጣ ብቻ የሚቆረጥ ገንዘብ የለም። የሚቀነሰው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ ከሢሶ መብለጥ የለበትም። በወሩ አጋማሽ ለልጅ ሕመም ወይም ለለቅሶ ተብሎ የሚሰጥ ብድር በየትኛውም ቤት አለ፤ መልካምም ልማድ ነው። ነገር ግን የተሰጠበት ቀንና ልኩ ተጽፎ ይፈረምበት። «500 ወስደሃል»፣ «አይ 300 ነው» እየተባባሉ በስንት ቤት ወዳጅነት ፈርሷል!

ባለቤቱ ራሱስ? እርሱም ለቤቱ የሚያወጣውን በወር ወስኖ በደብተሩ ቢጽፍ፣ ድርጅቱ ማትረፉንና መክሠሩን ያውቃል። በፈለገ ጊዜ ከመሳቢያው የሚዘግን ሰው ሠራተኞቹ የሚበሉትን ያህል ብቻውን መብላቱን አያስተውለውም።

ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ የሚገባው ክፍያ ሁሉ፣ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ጭምር፣ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ተሰልቶ ይሰጠው። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊፈረድበት ይችላል።

ከመሰናበቴ በፊት ስለ ጳጉሜን ላንሣ፤ በየዓመቱ ጥያቄ ያስነሣልና። በወር ደመወዝ የተቀጠረ ሰው እንደ ልማዱ በዓመት 12 ጊዜ ይቀበላል፤ የቀን ሠራተኛ ግን በጳጉሜን የሠራባቸው ቀኖች ተቆጥረው ይከፈሉታል። የነሐሴን ደመወዝ ተቀብሎ ዘመን መለወጫንና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያን የሚጋፈጥ ሠራተኛ የመስከረም መጨረሻ እጅግ ይርቅበታል። በዚህ ጊዜ ብድር መጠየቁ አይቀርምና፣ አስተዋይ ባለቤት ከሰኔና ከሐምሌ ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ያኖራል።