ከሸማ ተራ እስከ ችሎት

እሷ፦ መርካቶ፣ ሸማ ተራ አጠገብ ባለ የግል ማቆሚያ መኪናህን አቁመህ ዕቃ ስታስጭን ዘገየህ እንበል። ስትመለስ «ሁለት ሺህ ብር ቅጣት» አሉህ። አልከፍልም ብለህ ወጣህ፤ ቆይቶ መጥሪያ መጣ።

እሱ፦ መጥሪያ ከመጣማ ዝም ማለት አያዋጣም፤ ካልቀረብኩ ጉዳዩ በሌለሁበት ይታያል። መከላከያ መልሴን ከማስረጃ ዝርዝር ጋር በጽሑፍ አቀርባለሁ።

እሷ፦ ብዙ ሰው «ክሱ ሐሰት ነው» ብሎ ብቻ ይፈርማል።

እሱ፦ እሱ ነው የሚጥለን! በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ለይተህ ያልካድከው ነገር እንዳመንከው ይቆጠራል። ሰዓቱንም መጠኑንም ለየብቻ እጽፋለሁ። ዋናው ክርክሬ ግን የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 ነው፦ አንዱ ወገን ያወጣው የንግድ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው ዐውቆ ከተቀበለው፣ ወይም ደንቡን የመንግሥት ባለሥልጣን ካወጣው ወይም ካጸደቀው ነው።

እሷ፦ ቅጣቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ከነበረስ?

እሱ፦ የት ተሰቅሎ ነበር? በሩ ላይ ነው ወይስ ከጆንያ ክምር ጀርባ? ቲኬቱ ላይስ ቅጣት ተጽፏል? በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ዕቃውን የጫነልኝ ተሸካሚም ምስክር ይሆነኛል።

እሷ፦ አይተህ ከተቀበልክ ግን በውል የተቆረጠን መቀጫ ዳኛ እንደ ልቡ አይቀንሰውም። የቆምክበትን ሰዓት ሒሳብማ ክፈል፤ እሱን መካድ ነውር ነው።

እሱ፦ እስማማለሁ። አድማጮቻችን፣ ከመኪናችሁ ከመውረዳችሁ በፊት ማስታወቂያውን አንብቡ፤ ቲኬታችሁንም አትጣሉ።