የኬሞቴራፒ ሕክምናና የቀሪው ስሌት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ካንሰር የያዘው ሰው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሁለት ወይም ሦስት ዙር ወስዶ በእጁ ይዳስሰው የነበረው እብጠት ሲጠፋለት፣ «ድኛለሁ» ብሎ ሕክምናውን የሚያቋርጥበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ «ገና አልጨረስህም» ቢለው አይዋጥለትም። ቤተ ዘመዱም ፀጉር የሚያረግፍና የሚያስታውክ መድኃኒት ከዚህ ወዲያ ለምን ያስፈልጋል ይላል። የዚህ ንግግር ዓላማ የሐኪሙ ቃል በስሌት ላይ የቆመ መሆኑን ማስረዳት ነው፤ ስሌቱም ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም።

በቅድሚያ የመድኃኒቱን አመጣጥ መመልከት ይጠቅማል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ፣ ቆዳን ከማቃጠሉ በላይ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ይህ ጠባዩ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ታውቆ ነበር። ከዚህም በመነሣት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የጋዙን ዘመድ ናይትሮጅን መስተርድን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1942 መድኃኒቱ የንፍፊት ካንሰር ለያዘው አንድ በሽተኛ ተሰጠው። ዕጢው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሟሸሸ፤ ይሁን እንጂ አገረሸ፤ በሽተኛውም በዚያው ዓመት ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር በቦስተን ከተማ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት አሚኖፕተሪን በተባለው መድኃኒት እንደ ተሻላቸው ገለጠ፤ እነርሱንም በሽታው መልሶ ጣላቸው።

ዕጢው ከጠፋ በኋላ የሚያገረሸው ከየት መጥቶ ነው? ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ የሰጡት በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ይሠሩ የነበሩት ሃዋርድ ስኪፐርና ባልደረቦቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአይጦች ሉኪሚያ ላይ ባወጡት ጥናት፣ አንድ የተወሰነ የመድኃኒት መጠን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚገድለው የካንሰር ሕዋሳቱን ቋሚ ቁጥር ሳይሆን ቋሚ ድርሻ መሆኑን አሳዩ። አንዲት ሕዋስ እንኳ ብትተርፍ ተባዝታ አይጧን ልትገድል ትችላለች።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር እንመልከት። 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕጢ 1,000 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት ይዟል ይባላል። ለምሳሌ እያንዳንዱ ዙር ከመቶው 99ኙን ቢገድል፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 10 ሚሊዮን፣ ከሁለተኛው በኋላ 100,000፣ ከሦስተኛው በኋላ 1,000፣ ከአራተኛውም በኋላ 10 ሕዋሳት ይቀራሉ። ከመጀመሪያው ዙር የተረፉት 10 ሚሊዮን በአንድነት ቢሰበሰቡ ስፋታቸው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከምስር ፍሬ ያንሳል፤ በእጅም አይዳሰስም። እንግዲህ ዕጢው ከዓይን የሚሰወረው ገና በስሌቱ መጀመሪያ ላይ ነው። በእውነተኛው ሕክምና ድርሻው እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል፤ በዙሮቹም መካከል የተረፉት ሕዋሳት ስለሚባዙ መንገዱ ከዚህ ይረዝማል።

ታዲያ መድኃኒቱ ያለ ዕረፍት ለምን አይሰጥም? ኬሞቴራፒ በይበልጥ የሚያጠቃው ፈጥኖ የሚከፋፈለውን ሕዋስ ነው፤ የአጥንት መቅኔ፣ የአንጀት ሽፋንና የፀጉር ሥርም ፈጥነው ይከፋፈላሉ። በብዙዎቹ መድኃኒቶች ነጭ የደም ሕዋሳት ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት እጅግ ያንሳሉ፤ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ያገግማሉ። የዙሩ ርቀት የሚወሰነውም ጤነኛው መቅኔ አገግሞ ካንሰሩ ገና ሳያገግም እንዲደረስበት ነው። በእነዚያ ቀናት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ የደረሰ በሽተኛ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ሰውነቱ ተሕዋስያንን የሚከላከልበት ኃይል ተዳክሟልና።

አንዱን መድኃኒት የለመደ ሕዋስ እንዳይተርፍም ልዩ ልዩ መድኃኒቶች በአንድነት ይሰጣሉ። ኤሚል ፍሬይና ኤሚል ፍራይራይክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም አራት መድኃኒቶችን አጣምረው ለሕፃናት ሉኪሚያ ሰጡ። ያ በሽታ ቀድሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚገድል ነበር፤ ዛሬ በበለጸጉት አገሮች አጣዳፊ የሊምፍ ሉኪሚያ ከያዛቸው ሕፃናት ከ10 ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። እርግጥ ኬሞቴራፒ ሁሉንም ካንሰር አያድንም፤ አንዳንዴ የቀዶ ሕክምና ረዳት፣ አንዳንዴም ሥቃይ ማቅለያና ዕድሜ ማራዘሚያ ብቻ ነው። የትኛው እንደ ሆነ በሽተኛው ከሐኪሙ ጠይቆ የመረዳት መብት አለው።

በኢትዮጵያ የካንሰር ሕክምና ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተወስኖ ቆይቷል። ዛሬ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ቢሰጥም፣ ከገጠር ለሚመጣው በሽተኛ የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ ገና ከባድ ነው። ስለዚህ ዙር የሚያቋርጠው ሁሉ ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አቅም አጥቶም ነው። የሥራ ኃላፊ ለታመመ ሠራተኛው በቀጠሮው ቀን ፈቃድ ቢሰጥ፣ ባልደረቦችም ለመሳፈሪያው ቢያዋጡ፣ ያ ዙር በጊዜው እንዲደርስ ያደርጋሉ።

የኮንክሪት ፊት ደረቀ ተብሎ የተሸከመው ድጋፍ አይነሣም፤ የሚጠበቀው የውስጡ ጥንካሬ ነው። ዕጢው ጠፋ ተብሎም ሕክምናው አይቋረጥም። ባለሙያው ይህን ለታመመ ወዳጁ በቀላል ቋንቋ ቢያስረዳ፣ ሐኪሙ የጀመረውን ሥራ ከፍጻሜ ለማድረስ ረዳ ማለት ነው።