የታዘዝከውን ድገም

ተመራቂዎች፣ ፀሐዩ በርትቷል፤ ከኋላ የቆሙ እናቶችም አያለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ወደ ንግድ ከመግባቴ በፊት በሠራዊቱ ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ዛሬ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት እመራለሁ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ሠራተኞችህን በወታደር ደንብ ነው የምትመራው?» ይሉኛል። አዎ፣ ግን እነሱ በሚያስቡት መንገድ አይደለም። ለብዙ ሰው የወታደር አመራር ማለት ጩኸትና ቅጣት ነው። ሠራተኛ ግን ወታደር አይደለም፤ ከጮኻችሁበት የወሩን ደመወዝ ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ ይዤ የወጣሁት ሌላ ነገር ነው፤ ትዕዛዝ ተሰጠ የሚባለው አዛዡ ተናግሮ ሲጨርስ ሳይሆን ታዛዡ በራሱ አፍ መልሶ ሲናገረው ነው።

አሠልጣኛችን «ተቀብያለሁ» ብንለው አይበቃውም ነበር። መልእክቱን ከነሰዓቱ፣ ከነቦታው ያስደግመናል። አንዲት ቁጥር ከሳትን እንደገና ከመጀመሪያው። ልጆች ነበርንና ይሰለቸን ነበር።

ትዕዛዝን መልሶ አለመድገም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዓድዋ ጦርነት በላይ የሚያስተምር አላገኘሁም። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ 17,700 የሚጠጋ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ በጨለማ አንቀሳቀሰ። የግራ ክንፉ አዛዥ ጄኔራል አልበርቶኒ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ከትዕዛዙ ጋር የተሰጠው ንድፍ ካርታ ግን ስሙን ያሰፈረው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። አልበርቶኒ ካርታው ያሳየው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ነገሩት። በርካታ ኪሎ ሜትር ገፋ። ሲነጋ ከወገኑ ተነጥሎ ከአፄ ምኒልክ ጦር ፊት ተገኘ፤ ብርጌዱ ተደመሰሰ፣ ራሱም ተማረከ። እሱን እንዲደግፍ የተላከው ጄኔራል ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ዘልቆ ተነጠለና እዚያው ሞተ።

ድሉን ያመጣው የካርታ ስህተት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ድሉ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ደም ነው። እኔ የምለው ስለ ተሸናፊው ነው፤ አዛዡና ታዛዡ አንድ ስም ተባብለው ሁለት ኮረብታ ይዘው ተለያዩ። አልበርቶኒ ከመነሳቱ በፊት መንገድ መሪዎቹ ባሉበት «የምይዘው ይህንን ነው፣ በቀኜ የሚቆመው እገሌ ነው» ብሎ ካርታው ላይ በጣቱ እያሳየ ቢደግም፣ ልዩነቱ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሊወጣ ይችል ነበር።

ይህ የጥንት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። አንድ የማውቀው ተቋራጭ በየካ ሚካኤልም በሲኤምሲ ሚካኤልም ሕንፃ ነበረው። ኃላፊው ስልክ ደውሎ «ሲሚንቶውን ወደ ሚካኤል ይዘህ ሂድ» አለ። ሾፌሩ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋ። 400 ኩንታል ሲሚንቶ የካ ተራገፈ። ሲኤምሲ ላይ የሶሌታ ሙሌት ቀን ነበር፤ ሚክሰሩ ተከራይቶ፣ አሸዋና ጠጠሩ ተዘርግቶ፣ የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሲጠብቁ ዋሉ። ኪራዩም የቀን ሂሳቡም ተከፈለ። ሾፌሩ ተቀጣ። ልብ በሉ፤ ሾፌሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው! «የቱ ሚካኤል?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ፈራ፤ ኃላፊው ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ነበርና።

እዚህ ላይ ልቆጣችሁ። እኛ ሰው እንዳይቀየመን ሳይገባን እሺ እንላለን። አክብሮት ይመስለናል። ታላቅን ማክበር ማለት ሥራው እንዳይበላሽበት መጠበቅ ነው። ነገ ሥራ ስትገቡ አለቃችሁ ያዘዛችሁን በራሳችሁ አነጋገር ድገሙለት፤ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን። ፊቱን ቢያኮሳትርም ድገሙለት።

ከነገ ወዲያ አለቃ ስትሆኑ ደግሞ ዓላማውን ጨምራችሁ እዘዙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጄኔራል ሞልትከ የሚመራው የፕሩሲያ ጦር የበታች መኮንን የሚፈለገውን ውጤት አውቆ መንገዱን ራሱ እንዲመርጥ ያደርግ ነበር። ያ ሾፌር «ዛሬ ሶሌታ የሚሞላበት ቦታ ነው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ የካ ላይ ባዶ ግቢ ሲያይ ሳያራግፍ ይደውል ነበር። የሚጠይቃችሁን ሠራተኛ አትቆጡ፤ አመስግኑት። ገንዘባችሁን እየጠበቀላችሁ ነው።

ልጆቼ፣ ድርጅት የሚያቆመው ካፒታል ብቻ አይደለም፤ ሰዎች አንድ ነገር ተናግረው አንድ ነገር መረዳታቸው ነው። ይህን ከዛሬው ዲፕሎማችሁ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ሥራችሁ ይቃና፤ ወላጆቻችሁን የምትጦሩ፣ ለሌላው እንጀራ የምትከፍቱ ያድርጋችሁ።